ሚድዋይፏ ጓንት ከማን ትማርክ?

ሚያዝያ 27 በየዓመቱ ሁለት በዓል ይገጣጠምበታል። አንደኛውን አገር ያውቀዋል፤ የአርበኞች የድል በዓል ነው። ሁለተኛውን የሚያውቁት ባለሙያዎቹና የጤና ቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የሚድዋይፎች ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን ይህ ቀን ከወትሮው የተለየ ክብደት ነበረው። ኮሮና አገር ከገባ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በሽታው ሳይታሰብ አስቀድሞ ያንን የፈረንጆች 2020 «የነርሶችና የሚድዋይፎች ዓመት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ምስጋናው ጎረፈ። ምስጋናው ቋንቋውን ከዕለቱ ታላቅ ወንድም፣ ከአርበኞች በዓል፣ የተዋሰ ይመስል ነበር፦ ግንባር፣ ዘማች፣ መስዋዕት፣ ጀግና።

ቃሉ ስላማረ ማንም አልመረመረውም። እስቲ እኔ ልመርምረው። ከአመስጋኞቹ ቅንነት ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከምስጋናው ሥር ከተኛው እምነት ጋር ነው። እምነቱ እንዲህ ይላል፦ ማዋለድ በባሕርይው መስዋዕትነት ነው፤ እናት እያማጠች «ማስኬ የታለ፣ ጓንቴ የታለ» የምትል ባለሙያ ርኅራኄ ይጎድላታል፤ እናቲቱ ትቅደም፣ የባለሙያዋ ነገር ቀስ ብሎ ይደረስበታል። ይህንን ከባለሥልጣን ብቻ አይደለም የሰማሁት። ከአስታማሚ ሰምቻለሁ፣ ከጋዜጠኛ ሰምቻለሁ፣ ይባስ ብሎ ከራሳቸው ከሚድዋይፎቹ ሰምቻለሁ። ስህተት ነው፤ እናቶችንም የሚገድል ስህተት ነው።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳላንጠለጥለው አንድ ቦታ ላሳርፈው። መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአማራ ክልል አራት ከተሞች ለ14 ቀን እንዲዘጉ ወሰነ፦ ባሕር ዳር፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራና ቲሊሊ። ከአራቱ ሦስቱ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ናቸው። የአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው መጋቢት 30 ስለሆነ፣ አዊ ከፌዴራሉ አዋጅ ስምንት ቀን ቀድማ ነው በር መዝጋት ያየችው። መንገዱን የሄደበት ሰው አሰላለፉን ያውቀዋል፤ ከቡሬ ሲመጡ ቲሊሊ፣ ቀጥላ ብርዳሟ እንጅባራ፣ ከዚያ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያ ዳንግላ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ዳንግላ አልተዘጋችም፤ ከላይም ከታችም ግን ጎረቤቶቿ ተዘግተዋል።

ምጥ አዋጅ አይሰማም። ሱቅ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቀጠሮ ያለው ቀዶ ሕክምና ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ዘጠኝ ወር የሞላት ሴት ግን «ከ14 ቀን በኋላ ተመለሽ» አትባልም። በጓንጓም ሆነ በፋግታ ለኮማ፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ፣ ዛሬም እናት በቃሬዛ ነው የምትመጣው። ስምንት ጎረምሳ እየተቀባበለ ይሸከማታል፤ እናቷና አክስቷ ከኋላ «ማርያም ማርያም» እያሉ ይከተላሉ። ይህ ሁሉ ሰው ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ፣ በዚያ ሌሊት ዲዩቲ የገባችው ሚድዋይፍ ስለ አንዳቸውም የምታውቀው ነገር የለም። ማን ትናንት ከአዲስ አበባ እንደ መጣ፣ ማን እንደሚያስለው፣ ማን ለቅሶ ደርሶ እንደ ተመለሰ አታውቅም። ምርመራው ያኔ ገና ከጥቂት ትልልቅ ላቦራቶሪዎች አልወጣም ነበር። ምጥ ከጸናባት ደግሞ ባሕር ዳር ወዳሉት ሆስፒታሎች፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን፣ ሪፈር ስትባል፣ አምቡላንሱ የሚያልፈው በእነዚያው በተዘጉት ከተሞች መካከል ነው። ሚድዋይፏም አብራት ትሄዳለች።

ይህንን ያህል ያወራሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነው። የማዋለጃ ክፍል ማንንም ሳያጣራ የሚቀበል ክፍል ነው። በወረርሽኙ መጀመሪያ ሙሉ መከላከያ ልብስ የታሰበው ለለይቶ ማቆያና ለኮሮና ሕክምና ማዕከላት ነበር፤ እዚያ ያለው ባለሙያ ቢያንስ በሽተኛው ምን እንደያዘው ያውቃል። የማዋለጃ ክፍሏ ባለሙያ አታውቅም። ኒውዮርክ ውስጥ በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 4 ቀን 2020፣ ለመውለድ ከገቡ 215 ሴቶች ከአንዷ በቀር ሁሉም ተመርምረው ነበር። 33ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ ከ33ቱ ውስጥ 29ኙ ሳልም ትኩሳትም አልነበራቸውም። ምልክት አይቶ መጠንቀቅ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እንደማይሠራ ከዚህ በላይ የሚነግር ቁጥር አላውቅም። ኒውዮርክ ሀብታም ስለሆነች ቆጠረች። እንጅባራ ብትቆጥር ምን እንደምታገኝ መገመት የአንባቢ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ጀግንነት ልመለስ። ጀግንነት ምርጫ ይፈልጋል። ሊሸሽ የሚችል ሰው ሳይሸሽ ሲቀር ነው ጀግና የምንለው። ሚድዋይፏ ምን ምርጫ አላት? የፋብሪካ ሠራተኛ ማሽኑ ሲበላሽ ማጥፊያውን ተጭኖ «ሳይጠገን አልሠራም» ሊል ይችላል፤ የሚቆመው ምርት ነው። የሕፃኑ ራስ ብቅ ካለ በኋላ ማጥፊያ የለም። ጓንት ኖረም አልኖረም እጇን ትዘረጋለች። ሙያዋም፣ ሕሊናዋም፣ ከበር ውጭ የቆሙት ስምንት ጎረምሶችም ሌላ ምርጫ አይሰጧትም። አሠሪዋም ይህንን ያውቃል። እንደማታቆም ስለሚያውቅ ነው ጓንቱ ሳይደርስ ሲቀር እንቅልፍ የማያጣው። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ይተከላል፦ ሥራዋን ማቆም የማትችል ሠራተኛ ከማንም በፊትና ከማንም በላይ ጥበቃ ሊደረግላት ይገባል፤ እኛ ግን ማቆም ስለማትችል ጥበቃዋን ወደ ኋላ ገፋነው፤ ከዚያ ግፊታችንን «መስዋዕትነት» ብለን ጠራነው።

አርበኛውስ? በጎጃም የአርበኛን ታሪክ ሰምቶ ያላደገ የለም፤ ጠመንጃ ያልነበረው ከጠላት ማርኮ ነው የታጠቀው። ሚድዋይፏ ጓንት ከማን ትማርክ? አዊ ደግሞ የፈረሰኛ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ምስክር ነው፤ ፈረሱ ሲያጌጥ፣ ኮርቻው ሲጠብቅ፣ ልጓሙ ሲታይ ማንም «ፈሪ» አይልም። ኮርቻውን ሳያጠብቅ የሚወጣውን ነው ሞኝ የሚሉት። ታዲያ ሽርጥና መነጽር የጠየቀችውን ልጅ ስለምን ፈሪ እንላታለን?

ማዋለጃ ክፍል ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ጉዳዩን «ማስክ ማድረግ» ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ሥራውን እንየው። በምጥ ላይ ያለች እናት በየአራት ሰዓቱ የማሕፀኗ በር በእጅ ይመረመራል። የፅንሱ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ይደመጣል፤ ጆሮ ሆዷ ላይ ተደፍቶ፣ ፊት ለፊት፣ እሷ እየጮኸች፣ እያማጠች፣ ባለ በሌለ ኃይሏ እየተነፈሰች። ርቀት ጠብቁ ይባል የነበረው ምክር እዚህ ቀልድ ነው። የእንሽርት ውሃ ሲፈስ ደረትና እግር ይረጥባል፤ ሽርጥና ቦቲ ጫማ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እትብት ሲቆረጥ ደም ዓይን ውስጥ ይረጫል፤ መነጽሩ ለዚህ ነው። የእንግዴ ልጅ አልወጣ ካለ እጅ እስከ ክርን ይገባል፤ ለዚያ የሚሆነው ጓንት ረጅሙ ነው፤ እሱ በማይገኝበት ቦታ ግን ተራውን ጓንት ጣቱን ቆርጦ ክንድ ላይ በመደረብ የሚዘየድ ዘዴ አለ። ዘዴውን ባደንቅም ሊያስፈልግ ባልተገባ ነበር። ከዚያ ስፌት ይመጣል፤ መርፌው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጫፉ የሚፈለገው በጣት ነው። መብራት ከጠፋም በስልክ መብራት።

ቁጥር እንቁጠር፤ ሂሳቡ የእኔ ነው፣ ማንም በቤቱ ሊደግመው ይችላል። አሥራ ሁለት ሰዓት የፈጀ ምጥ ስትገባ የተደረገውን ጨምሮ አራት ምርመራ አለው፤ አራት ጥንድ። ለማዋለጃ አንድ፣ ለእንግዴ ልጅ አንድ፣ ለሕፃኑ አንድ፣ ስፌት ካለ አንድ። ስምንት ጥንድ ሆነ፤ ረዳቷን ሳንቆጥር፣ የተቀደደውንም ሳንቆጥር። በወር 50 እናት የምታዋልድ ጤና ጣቢያ 400 ጥንድ ያስፈልጋታል። ጤና ጣቢያ መድኃኒትና ዕቃ የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ በሚሞላ ቅጽ ስለሆነ፣ አንድ ጥያቄ 800 ጥንድ መሸከም አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ወረርሽኝ ገብቶ፣ ጓንት የማያደርገው የካርድ ክፍል ሠራተኛና የጥበቃ ሠራተኛ ሁሉ ማድረግ ሲጀምር፣ ያ 800 ጥንድ የት ይደርሳል? ቅጹ ግን ቀጣዩን ሁለት ወር ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የተለመደ መልስ ይመጣል፦ «የግንዛቤ ችግር ነው»። ባለሙያዎቹ መከላከያ እያላቸው አይጠቀሙም፤ ሥልጠና ይሰጣቸው፣ ፖስተር ይለጠፍ፣ ሱፐርቪዥን ይጠናከር። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸ ነው። አምስት ፐርሰንት የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ 0.5 ፐርሰንት ማድረግን፣ ዕቃውን እዚያ ውስጥ አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍን ሚድዋይፍ ተማሪ ሳለች ጀምራ በቃሏ ትወጣዋለች። የማታውቀው፣ የቧንቧው ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሲመጣ ዘጠኙን እጅ ከየት እንደምታመጣ ነው። ልክ ነው፣ መነጽር ተሰጥቷት መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጥ ባለሙያ አለች፤ አልክድም። ግን መነጽሩን አድርገነው እንየው፤ በእንጅባራ ብርድ ከማስክ ጋር ሲደረግ በትንፋሽ ጭጋግ ይሞላል፣ ስፌቱ አይታይም። የተሰጣት ዕቃ ሥራዋን የሚከለክላት ከሆነ፣ አለመጠቀሟ ግንዛቤዋን ነው የሚያሳየው።

ሌላም የሚታወቅ ነገር አለ፤ ቁልፍ። ዕቃው ስቶር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከስቶር የሚወጣው ግን በሞዴል 20 ተጠይቆ፣ በሞዴል 22 ተፈርሞ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ነውና ሥርዓቱ መኖሩን አልቃወምም። ሕፃናት በብዛት የሚወለዱት ግን በሥራ ሰዓት አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቁልፉ ከሰውየው ጋር ነው፣ ሰውየው ከቤቱ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋት ሪፖርቱ ሲጻፍ «ዕቃ አለ» ይላል፤ እውነቱን ነው። «ባለሙያዋ አልተጠቀመችም» ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች ተደምረው ያወጡት ውሸት ነው፣ ለግንዛቤ ሥልጠና የተያዘውም በጀት የቆመው በዚያ ውሸት ላይ ነው።

ገንዘቡንም እንንካው፤ የችግሩ ሥር እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ወሊድ በመንግሥት ተቋም ከክፍያ ነጻ ነው። ነጻ መሆኑ ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም ትወልድ የነበረችው ከመቶ እናቶች አምስቷ ብቻ ነበረች፤ በ2019 ግን 48 ደርሳለች፤ ነጻ መሆኑም የራሱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ ነጻ የሆነ አገልግሎት ገቢ አያስገባም። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ መልሶ መድኃኒት ይገዛበታል፤ እያንዳንዷ ወላጅ ግን ስምንት ጥንድ ጓንት ይዛ ትወጣለች፣ በቦታው የሚተካ ሳንቲም የለም። የመንግሥትና የለጋሽ ድጎማ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚያልቀው የማዋለጃው ጓንት ይሆናል። በየቦታው የሚሰማው «ጓንት ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» የሚል ነገር የሚወለደው ከዚህ ነው፤ አባትየው ሌሊት የተከፈተ ፋርማሲ ፍለጋ ይሮጣል፣ ያ ነጻው ወሊድ ነው እንግዲህ። ሥራው ሲበዛ ዕቃው የሚያንስበት ክፍል ጤና ጣቢያው ውስጥ ማዋለጃው ነው። ጥሩ የሠራችው ትቀጣለች።

ከተቃዋሚዎቼ ሁሉ የማከብረው «ድሃ አገር ነን» የሚለውን ነው። እውነት አለው። ወረርሽኙ ሲጀምር ዓለም ራሷ ባዶ እጇን ነበረች፤ የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2020 መጀመሪያ ላይ ለጤና ባለሙያዎች በወር 89 ሚሊዮን ማስክና 76 ሚሊዮን ጓንት እንደሚያስፈልግ ገልጾ፣ አምራቾች ምርታቸውን በ40 በመቶ እንዲጨምሩ ተማጽኖ ነበር። ቻይናዊው ጃክ ማ ለአፍሪካ የላከው ዕርዳታ መጋቢት 13 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲያርፍ ለእያንዳንዱ አገር የታሰበው 100,000 ማስክና 1,000 መከላከያ ልብስ ነበር። ኢትዮጵያ ከ3,000 በላይ ጤና ጣቢያ አላት፤ ለሦስት ጤና ጣቢያ አንድ ልብስ እንኳ አይደርስም። ይህንን የሚያውቅ ሰው በ2012 መጋቢት የጎደለውን ሁሉ በአንድ ባለሥልጣን ላይ ሊለጥፍ አይችልም።

ይሁን እንጂ ድህነት ምክንያት የሚሆነው ለጎደለው ዕቃ እንጂ ለአከፋፈሉ ቅደም ተከተል አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ እኔ የምቆጥረው ጓንት፣ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ቦቲ ጫማና በረኪና ወረርሽኝ የፈጠራቸው አይደሉም። ከኮሮና አሥር ዓመት በፊትም ያስፈልጉ ነበር፣ ያኔም ይጎድሉ ነበር። ደም የሚያመጣው በሽታ ከሳምባው ይልቅ የቆየ ነው። በጉበት ቫይረስ ቢ የተበከለ መርፌ ያልተከተበች ሚድዋይፍን ቢወጋ፣ ከመቶ ከ6 እስከ 30 የሚደርስ የመያዝ ዕድል አለ፤ በኤችአይቪ ከሺህ ሦስት ገደማ ነው። ለመጀመሪያው ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ለሁለተኛው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ሕፃናትን በነጻ የምንከትብበትን የጉበት ክትባት ለምታዋልዳቸው ሴት መስጠት ለድሃ አገር የሚከብድ ወጪ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ድሃ አገር የማይችለውስ ሌላ ነው፤ የሠለጠነች ሚድዋይፍ ማጣትን ነው የማይችለው። በዲግሪ ለማስመረቅ አራት ዓመት ይፈጃል። ምዕራብ አፍሪካ በኢቦላ ጊዜ ይህንን በደም ተምራዋለች። በላይቤሪያ ከሐኪሞች፣ ከነርሶችና ከሚድዋይፎች ከመቶ ስምንቱ ሞቱ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ስሌት፣ በእነዚህ ባለሙያዎች መጥፋት ብቻ የእናቶች ሞት በላይቤሪያ በ111 በመቶ፣ በሴራሊዮን በ74 በመቶ፣ በጊኒ በ38 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ገመቱ። ኢቦላ ያልያዛቸው፣ ኢቦላ ካለፈ በኋላ የሚያረግዙ እናቶች ናቸው የሚሞቱት። «እናት ትቅደም፣ ባለሙያዋ ትከተል» የሚለውን ሰው ይህ ቁጥር ፊት አቁሜ ልጠይቀው እወዳለሁ፦ የትኛዋ እናት? የዛሬዋ ብቻ? ከነገ ጀምሮ የሚመጡትንስ ማን ያዋልዳቸው?

ትንሽ ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ከሥሩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች ያዋልዱ ነበር፤ ከመቶ እናቶች አሥር ገደማ በወሊድ ትኩሳት ይሞታሉ። በሌላኛው ሚድዋይፍ ተማሪዎች ያዋልዱ ነበር፤ ከመቶ አራት አይሞሉም። ሐኪሙ ኢግናዝ ሴመልዌይስ ምክንያቱን ፈልጎ አጣ። ያገኘው ባልጠበቀው በኩል ነው፤ ወዳጁ ያኮብ ኮሌችካ ሬሳ በሚመረመርበት ጊዜ የተማሪ ቢላ ወጋው፣ ታመመ፣ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲታይ ሕመሙ ከእናቶቹ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሴመልዌይስ እጅ በክሎሪን እንዲታጠብ አዘዘ፣ ሞቱም ወዲያው ወረደ። እናቶችን ያዳነው ዕውቀት የተገኘው ሥራው ላይ ከቆሰለ ባለሙያ ገላ ነው። ከባለሙያው ወደ እናት የሚሄደውና ከእናት ወደ ባለሙያው የሚመጣው አንድ መንገድ ስለሆነ፣ ጓንቱ የሚዘጋው ሁለቱንም ነው። አንዲት ሚድዋይፍ በአንድ ሌሊት ሦስት እናት ታዋልዳለች። እሷ ከተያዘች ሦስተኛዋ እናት ምን ጥፋት አለባት?

«መከላከያ ልብስ እናቶችን ያስፈራል» ለሚሉት ግን ግማሽ መንገድ እሄድላቸዋለሁ። ጤና ሚኒስቴር ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የሚለውን ዋነኛ አጀንዳው አድርጎ ዓመታት ደክሞበታል፤ ጤና ጣቢያዎች ቡና አፍልተው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ ለእናቶች ማቆያ ክፍል ሠርተው እናቶችን ከልምድ አዋላጅ ያመጡት በትንሽ ድካም አይደለም። የማዋለድ ግማሹ ፊትና ድምፅ ነው። ከገጠር የመጣች፣ አማርኛዋ የሚያጥራት የአገውኛ ተናጋሪ እናት ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው ሲቆምባት ልቧ ቢሸሽ አልፈርድባትም። «አይዞሽ የኔ እናት» በማስክ ውስጥ ሲያልፍ ግማሹ ይቀራል። ግን የፈራች እናት በቃል ትጽናናለች፤ የፈራች ሚድዋይፍ ደግሞ በፍጥነት ትሠራለች፣ ትርቃለች፣ ትቆጣለች፣ «ቶሎ በይ» ትላለች። ምንም ሳትከላከል ማታ ወደ ልጆቿ የምትመለስ ሴት ርኅራኄዋ ቢያጥር ከየት ይምጣ? ለአክብሮት ሲባል መከላከያዋን የሚነፍጋት አጀንዳ የራሱን እግር ይቆርጣል።

ስለ ጽዳት ሠራተኞች ማንም አላወራም፤ የጀግኖቹ ፎቶ ውስጥም አልነበሩም። ደሙን የምትጠርገው፣ የእንግዴ ልጁን ወደ ጉድጓዱ የምትወስደው፣ አንሶላውን በእጇ የምታጥበው፣ መርፌ የተጣለበትን ካርቶን የምታነሳው እሷ ናት። ወፍራሙ የጽዳት ጓንት ሲያልቅ ሚድዋይፏ የጣለችውን አጥባ ታደርጋለች። ሕጉ ራሱ እዚህ ላይ ይቀልዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት ነው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ እንዳለበት በዝርዝር ይደነግጋል፤ ነገር ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም። የዳንግላ ብሎኬት አምራች በዚህ አዋጅ ሊጠየቅ ይችላል፤ የሚድዋይፏ ጉዳይ ግን ወደ ሲቪል ሰርቪሱ ሕግ ይላካል፣ ከዚያም ወደ መመሪያ፣ ከዚያም ወደ በጀት።

«ወረርሽኙ አለፈ፣ ምን አዲስ ነገር አለና ታነሳዋለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ማርበርግ የሚተላለፈው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ነው፤ ማለትም ማዋለጃ ክፍል ወለል ላይ በየሌሊቱ በሚፈሰው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ደግሞ የ2012 ጀግንነታቸውን ያስታወሰላቸው ሰው ጥቂት ነበር። ጀግና የሚባል ማዕረግ ደመወዝ አይጠይቅም፣ ሲጠይቅም ይነጠቃል።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የማዋለጃው ጓንትና ሽርጥ ከጤና ጣቢያው አጠቃላይ ዕቃ ተለይቶ፣ በወላጅ ቁጥር ተባዝቶ ይመደብ፤ ነጻ አገልግሎት ያወጀው አካል የነጻውን ዋጋ ይክፈል። የሌሊት ዲዩቲ ቁምሳጥን ይኑር፣ ቁልፉም ከሚድዋይፏ አንገት አይውረድ። ከሚድዋይፍ እስከ ጽዳት ሠራተኛ የጉበት ክትባት ሦስቱንም ሳይወስድ ማንም ማዋለጃ ክፍል አይመደብ።

የሚቀጥለው ሚያዝያ 27 ደግሞ ሲመጣ ሰርተፍኬቱም ኬኩም ይቅርና፣ የእንጅባራና የዳንግላ ኃላፊዎች እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት የስቶሩን የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ (ቢን ካርድ) ያንብቡልን፦ ዛሬ ጠዋት ስንት ጥንድ አለ፣ በሚቀጥለው ወር ስንት እናት ትጠበቃለች።